ከድሬዳዋ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ መሥራት፦ ዶላሩ ሒሳባችሁ እስኪገባ ያለው መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው የውጭ ክፍያዬ 180 ዶላር ነበር። ለአንድ ጥናት የተቀዱ ቃለ መጠይቆችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ ያገኘሁት ነው። ደንበኛው ልኬያለሁ አለኝ። እኔም ሳቢያን ወዳለው ቅርንጫፍ በየቀኑ እመላለስ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ገንዘቡ ወደ ላኪው ተመለሰ፤ ያውም በመሃል ያሉ ባንኮች የወሰዱት ተቀንሶለት።

ምክንያቱ የአባቴ ስም ነበር። መሐመድ የሚለው ፓስፖርቴ ላይ ከመሃሉ በአንድ «ኤም» ተጽፏል። የባንክ ደብተሬ ላይ ደግሞ በሁለት። አንዲት ፊደል 180 ዶላር መለሰች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጓደኞቼን በዚህ ጉዳይ ረድቻለሁ። ያየሁት ነገር አንድ ነው፤ ክፍያ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሥራው ሳይጀመር፣ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከወረቀቱ እጀምራለሁ። ደንበኛ እስክታገኙ አትጠብቁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ዛሬ መጨረስ ትችላላችሁ።

አንደኛ፦ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አንድ አድርጉ

ፓስፖርታችሁን፣ ፋይዳችሁን እና የባንክ ደብተራችሁን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል እያነበባችሁ አስተያዩ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ዓይን የለመደውን ስለሚያይ ያልፈዋል።

ይሄ ነገር ለእኛ ለድሬና ለሐረር ሰዎች ከሌላው በላይ ያስፈልገናል። መሐመድ፣ አህመድ፣ አብዱራህማን፣ ዩሱፍ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ቢያንስ አራት አምስት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። አንዱ በ«ኦ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ዩ»። አብዱ አንዳንድ ቦታ ለብቻው ይቆማል፣ አንዳንድ ቦታ ከቀጣዩ ጋር ይጣበቃል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በግዕዝ ስሞችም ያው ነው፤ ጸጋዬ በ«ቲ ኤስ» ነው ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? ኃይሉ በ«አይ» ነው ወይስ በ«ዋይ»?

ልዩነት ካገኛችሁ ፓስፖርቱን ተከተሉ። ፓስፖርት ከሌላችሁ ፋይዳውን። የባንኩን ስም ማስተካከል ከሁሉም ይቀላል፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሒሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ሂዱና በእንግሊዝኛ የተመዘገበው ስም እንዲታረም ጠይቁ። እኔን ያስተናገደችኝ ልጅ «አቦ፣ ይሄን ብለሽ ነው ሦስት ሳምንት የተሠቃየሽው? ፓስፖርትሽን ስጪኝ» ብላ በአንድ ጠዋት ጨረሰችልኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን በዓይናችሁ እዩት።

የውጭ ድርጅቶች ፎርም «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። አትፍጠሩ፣ አትገምቱ። ፓስፖርታችሁ ላይ በቤተሰብ ስም መስመር የተጻፈውን እዚያው፣ የቀረውን በመጀመሪያ ስም ቦታ ገልብጡት። ዋናው ነገር ሥራ በሚገኝበት አፕወርክም፣ ክፍያ በሚቀበለው ፔዮኒርም፣ ባንኩም ጋ ያው መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የልደት ቀን። ብዙ ሰው «የፈረንጁ ከእኛ በሰባት ዓመት ይበልጣል» ብሎ ሰባት ይደምርና ይጽፋል። ይሄ የሚሠራው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ለተወለደ ብቻ ነው። መስከረም 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ መስከረም 15 ቀን 1997 ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1990 የተወለደው ግን ጥር 3 ቀን 1998 ይሆናል፤ ልዩነቱ ስምንት ሆነ ማለት ነው። የቀበሌ መታወቂያችሁ ላይ የኢትዮጵያው ብቻ ካለ በቀን መቀየሪያ አስልታችሁ፣ ፓስፖርቱ ወይም ፋይዳው ላይ ካለው የፈረንጅ ቀን ጋር አመሳክሩ። ማንነት ሲጣራ ይሄ ቀን ካልገጠመ ሒሳቡ ሊታገድ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ባንክ ሄዳችሁ አምስት ነገር ጠይቁ

ጠዋት ሂዱ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉም ሙቀቱም አልበረታም፤ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ የሚያውቀው ሰውም ጊዜ አለው። ስትገቡ በገንዘብ መክፈያው መስኮት ሳይሆን የውጭ ምንዛሪ ወይም የሐዋላ ክፍል ያለውን ሰው ጠይቁ።

የምትጠይቁት ይሄን ነው። ስሜ በእንግሊዝኛ እንዴት ተመዝግቧል? ሙሉ የሒሳብ ቁጥሬ ስንት ነው? የባንኩ ስዊፍት ኮድ ምንድን ነው? ዶላር የሚቀበልላችሁ የውጭ ባንክ የትኛው ነው? ከውጭ የአገልግሎት ክፍያ ሲመጣልኝ ምን ማስረጃ ትጠይቁኛላችሁ? መልሱን በአፍ አትቀበሉ፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ይስጧችሁ።

ስለ ስዊፍት ኮድ፣ ማለትም ከአገር አገር ገንዘብ ሲላክ ባንኩ ስለሚለይበት መለያ፣ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይገለብጠዋል። ኮዱ 8 ወይም 11 ምልክት አለው። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎች ባንኩን፣ ቀጣዮቹ ሁለት አገሩን፣ ከዚያ ያሉት ሁለት ቦታውን ይነግራሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ብትወስዱ «ሲ፣ ቢ፣ ኢ፣ ቲ» ባንኩ ነው፣ «ኢ፣ ቲ» ኢትዮጵያ ነው፣ «ኤ፣ ኤ» ቦታው ነው። ስለዚህ የማንኛውም የአገራችን ባንክ ኮድ አምስተኛና ስድስተኛ ፊደል «ኢ፣ ቲ» መሆን አለበት። ካልሆነ ተሳስታችኋል። ኮዱ የዋናውን መሥሪያ ቤት አድራሻ ቢያሳይ አትጨነቁ፤ ገንዘቡን ከዚራ ወዳለው ቅርንጫፋችሁ የሚያመጣው የሒሳብ ቁጥራችሁ ነው።

የሒሳብ ቁጥሩን ግን ሦስት ጊዜ አረጋግጡ። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አኃዝ አለው፤ ዜሮዎቹ ስለሚደጋገሙ አንዷ በቀላሉ ትዘለላለች። ከመተግበሪያው ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ በእጅ አትጻፉ።

የውጭ ደንበኛ፣ በተለይ የአውሮፓ፣ «አይባን» ስጡኝ ይላችኋል፤ እነሱ የሚጠቀሙበት ረጅም ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም። «የሒሳብ ቁጥርና ስዊፍት ኮድ ብቻ ነው የምንጠቀመው» ብላችሁ መልሱ። አንዳንዱ ቁጥር ፈጥሮ ይሰጣል፤ እንዳታደርጉት።

የዶላር ሒሳብ ጉዳይም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ወይም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዷል። ከዚህ ሒሳብ የውጭ አገልግሎት ክፍያ መክፈልም ይቻላል። ለሶፍትዌር፣ ለዶሜይን፣ ለኮርስ በዶላር ለምትከፍሉ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባንኮች የሚጠይቁት መስፈርት ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ። ገቢያችሁ ገና ትንሽ ከሆነና ሁሉንም ለኑሮ የምታወጡት ከሆነ ግን የብር ሒሳቡ ይበቃችኋል።

ሦስተኛ፦ መንገዱን ምረጡ

መጀመሪያ ከኢንተርኔት የክፍያ አገልግሎቶች የማይሠሩትን እናውጣ። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሒሳብ ይከፈትበታል፤ መክፈልም ይቻላል። መቀበል ግን አይቻልም። በሌላ አገር አድራሻ ከፍተው የሚቀበሉ አሉ፤ ፔይፓል አንድ ቀን ማስረጃ ሲጠይቅ ገንዘቡ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ስትራይፕም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ሒሳብ አይከፍትም።

ከሚሠሩት ውስጥ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ፔዮኒርን ነው። የሥራ ማግኛ መድረኮቹ አፕወርክና ፋይቨር ሁለቱም ወደ ፔዮኒር ይልካሉ፤ ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ባንክ ይተላለፋል። በቀጥታ ያገኛችሁት ደንበኛም በዚያው መክፈል ይችላል።

ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ባንክ የሚላክ የስዊፍት ዝውውር ነው። ለትልቅ ክፍያ ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ክፍያ ግን ወጪው ይበላዋል።

ሦስተኛው ዌስተርን ዩኒየንና መሰሎቹ ናቸው። ፈጣን ናቸው፤ ባለ 10 አኃዙን ቁጥር ይዞ ባንክ መሄድ ነው። ነገር ግን የተሠሩት ለቤተሰብ መላኪያ ነው። ላኪው ድርጅት ከሆነ ወይም ክፍያው በየወሩ ከሆነ ጥያቄ ያስነሣል፤ የአገልግሎት ክፍያ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀትም አይተውላችሁም። ለአንድ ጊዜ ይሁን፣ ቋሚ መንገድ አታድርጉት።

ጅቡቲ ደንበኛ ያላችሁም አላችሁ፤ ባቡሩ ከመጣበት ዘመን ጀምሮ ድሬና ጅቡቲ ጎረቤት ናቸው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.72 የታሰረ ስለሆነ በፍራንክ ብትተምኑም በዶላር ብትተምኑም ያው ነው። ኢንቮይሱን (የክፍያ መጠየቂያውን) በዶላር ብታደርጉት ግን ባንክ ላይ ይቀላችኋል።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ግን የማይጻፈውን ልናገር። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ አካባቢ «እኔ ጋ አስልከው፣ ከባንክ በላይ አስቆጥርልሃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሄ ሕገ ወጥ ነው፤ ገንዘቡ ቢቀር የምትከሱበት ወረቀትም የላችሁም። ክሪፕቶም እንዲሁ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም በአገራችን ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ደግሞ ብሩን የሚያስገባላችሁን ሰው አለማወቃችሁ ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ሒሳባችሁ ከገባ የሚታገደው የእናንተ ሒሳብ ነው፤ ፖሊስ ጋ የምትጠሩትም እናንተ ናችሁ።

አራተኛ፦ ፔዮኒር መክፈት

ዕድሜያችሁ 18 የሞላ መሆን አለበት። በግለሰብ ስም ክፈቱ። ስምና የልደት ቀን እንደ ፓስፖርቱ። አድራሻ ላይ ቀበሌያችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ፣ ከተማው ድሬዳዋ። አንድ ጊዜ የጻፋችሁትን አድራሻ ሌላም ቦታ እንደዚያው ድገሙት።

የመታወቂያ ፎቶ ሲጠይቅ ፓስፖርት ካላችሁ እሱን ስጡ። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ አንሡት፤ አራቱም ማዕዘን ይታይ፣ ፍላሽ አይበራ። የአድራሻ ማስረጃ ከተጠየቃችሁ ባንካችሁ በእንግሊዝኛ የታተመና ማኅተም ያለው ስቴትመንት ይስጣችሁ።

ሒሳቡ ሲጸድቅ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእንግሊዝ የመቀበያ የሒሳብ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አሜሪካ ያለ ድርጅት እዚያው አገሩ ውስጥ እንደሚያስተላልፍ አድርጎ ይከፍላችኋል። ደንበኛው በካርድ ልክፈል ካለ ግን የአገልግሎት ክፍያው ከሌላው መንገድ በጣም ስለሚበልጥ፣ ባንክ ለባንክ እንዲያደርገው በትህትና ጠይቁት። ሒሳቡ ብዙም ካልተንቀሳቀሰ ዓመታዊ ክፍያ ስለሚቆርጥ፣ ሥራ ሳትይዙ ከፍታችሁ አትተዉት።

ቪፒኤን አጥፍታችሁ ግቡ። እኛ ኢንተርኔት ሲያስቸግር ቪፒኤን ማብራት ልማድ ሆኖብናል። ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከሰዓት ሆላንድ የሚታይ ሰው ግን ለእነሱ ሌባ ነው የሚመስላቸው። ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ብቻ አታድርጉ፤ ሲም ይጠፋል፣ መልእክት ይዘገያል። የኮድ ማመንጫ መተግበሪያ ጫኑና የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ።

አምስተኛ፦ ክፍያው መቼ እንደሚለቀቅ አስሉ

«ሥራውን አስረከብኩ፣ ገንዘቡ የታለ?» የሚለው ጭንቀት የሚመጣው ቀኑን ካለማወቅ ነው።

አፕወርክ ላይ በሰዓት ስትሠሩ ሳምንቱ ሰኞ ይጀምርና እሑድ ያልቃል። የሚቆጥሩት ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እሑድ እኩለ ሌሊታቸው ለእኛ የሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ከዚያ 10 ቀን ቆጥራችሁ ረቡዕ ላይ ገንዘቡ ለማውጣት ዝግጁ ይሆናል። በቁርጥ ዋጋ ከሆነ፣ ደንበኛው ለማጽደቅ 14 ቀን አለው፤ ዝም ካለ በራሱ ይለቀቃል። ካጸደቀ በኋላ ደግሞ 5 ቀን ይቆያል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ደንበኛው ገንዘቡን በመድረኩ ማስያዙን እዩ። ካላስያዘ አትጀምሩ።

ፋይቨር 20 በመቶ ይቆርጣል፤ ለአብዛኛው ሻጭ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ 14 ቀን ያቆየዋል። የቤት ኪራይ በእሱ የምትከፍሉ ከሆነ ይሄን ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉት።

አፕወርክ የአሜሪካ የግብር ፎርም ያስሞላችኋል። አሜሪካዊ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀው «ደብሊው 8 ቤን» ይባላል። አትፍሩት። አሜሪካዊ አለመሆናችሁን ማሳወቂያ ነው፤ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ለሠራችሁት ሥራ የአሜሪካ ግብር አይቆረጥባችሁም።

በቀጥታ ለሚከፍል ደንበኛ ኢንቮይስ አዘጋጁ። ስማችሁ እንደ ባንኩ፣ የደንበኛው ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ ቀን በፈረንጅ፣ መጠን በዶላር፣ የባንክ ዝርዝር። አዲስ ደንበኛ ከሆነ ግማሹን በቅድሚያ ጠይቁ። ይሄን ስትጠይቁ አትፈሩ፤ ደግ ደንበኛ አይቀየምም።

ደንበኛው በስዊፍት ሲልክ የአገልግሎት ክፍያውን ማን እንደሚከፍል ባንኩ ይጠይቀዋል። ሦስት ምርጫ አለ፦ «ኦ፣ ዩ፣ አር» ከሆነ ላኪው ሁሉንም ይከፍላል፤ «ኤስ፣ ኤች፣ ኤ» ከሆነ ትካፈላላችሁ፤ «ቢ፣ ኢ፣ ኤን» ከሆነ ሁሉም ከእናንተ ይቆረጣል። ኢንቮይሱ ላይ «የዝውውር ክፍያ በላኪው» ብላችሁ ጻፉ። ይቺ አንድ መስመር በየክፍያው የምታድነው ዶላር ብዙ ነው።

ስድስተኛ፦ ስታወጡ አጠራቅማችሁ አውጡ

አንድ ምሳሌ። ለአንድ ዝውውር ቋሚው ወጪ 30 ዶላር ነው እንበል። 100 ዶላር ብታወጡ 70 ይደርሳችኋል፤ ሠላሳ በመቶው ሄደ። 600 እስኪሞላ ጠብቃችሁ ብታወጡት ግን የሚሄደው አምስት በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ከማውጣት በወር አንዴ ይሻላል።

ሁለተኛው የተደበቀ ወጪ ምንዛሪው ነው። ፔዮኒር ራሱ ወደ ብር ቀይሮ የሚልክ ከሆነ ከማጽደቃችሁ በፊት «ይሄን ያህል ብር ይደርሳል» ይላችኋል። ያንን ብር በምትልኩት ዶላር አካፍሉት። የወጣውን ቁጥር ባንካችሁ በዚያ ቀን ከለጠፈው የመግዣ ዋጋ ጋር አስተያዩ። መግዣውን ነው የምላችሁ፤ መሸጫውን አይደለም። ባንኩ ከእናንተ ዶላር እየገዛ ነውና። አሁን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ በየቀኑ ስለሚያወጣ ልዩነት አለ። ለትልቅ ክፍያ ከዚራ ላይ የተደረደሩትን ባንኮች ዋጋ በስልካችሁ አይቶ መምረጥ ያዋጣል።

የመጀመሪያውን ጊዜ ግን የሚፈቀደውን ትንሹን መጠን ላኩ። ደርሶ ስታዩት ቀሪውን ላኩ። እኔ 180 ዶላሬ ከመመለሱ በፊት ይሄን ባደርግ ኖሮ ያንን ሦስት ሳምንት አላለቅስም ነበር።

ሰባተኛ፦ ሲዘገይ ምን ይደረጋል

ቅዳሜና እሑድ ባንክ ለባንክ የሚሄድ ነገር የለም። የአሜሪካ ዓርብ ማታ ለእኛ ቅዳሜ ነው። የእነሱንም የእኛንም በዓል ቁጠሩ። አምስት የሥራ ቀን ካለፈ ደንበኛውን «ኤም ቲ 103» ወይም በአዲሱ አሠራር «ፓክስ 008» የሚባለውን ወረቀት ጠይቁት። ባንኩ ይሰጠዋል፤ የዝውውሩ ሙሉ ዝርዝር ማለት ነው። ያንን አትማችሁ ወደ ባንካችሁ ስትሄዱ «አልገባም» የሚለው መልስ «ቆይ እስቲ ልፈልገው» ይሆናል። ኢንቮይሱንና ከደንበኛው ጋር የተስማማችሁበትን ገጽም ያዙ፤ ገንዘቡ የምን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም።

ስምንተኛ፦ ግብርና መዝገብ

የኢትዮጵያ ነዋሪ ከውጭ ባገኘው ገቢም ግብር አለበት። የፍሪላንስ ሥራ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ሐ»፣ ማለትም የንግድ ሥራ ገቢ ውስጥ ይወድቃል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በቁጥር 1395/2017 ሲሻሻል፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑ ግለሰቦች በሽያጫቸው መጠን ላይ ተመሥርተው የሚከፍሉበት ቀለል ያለ አሠራር ተቀምጧል። ገቢያችሁ ቋሚ መሆን ሲጀምር የከተማው ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ባለ 10 አኃዙን የግብር ከፋይ ቁጥር አውጡ፣ ስለ ንግድ ፈቃዱም ጠይቁ። ወረቀት ያለው ሰው ባንክ ላይም፣ ቪዛ ሲጠይቅም፣ ብድር ሲፈልግም ይከበራል።

መዝገቡ ቀላል ነው። እኔ ባለ መስመር ደብተር ነው የምጠቀመው። በአንድ መስመር ላይ ቀን፣ ደንበኛ፣ የተስማማንበት ዶላር፣ መድረኩ የቆረጠው፣ የዝውውር ወጪ፣ የዕለቱ ምንዛሪ፣ የደረሰኝ ብር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ደብተሩን መደመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ የተወሰነውን ለግብር ብዬ ለሌላ ሒሳብ አዛውራለሁ፤ ሐምሌ ሲመጣ አልደናገጥም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በቴሌግራም «አፕወርክ አካውንትሽን አከራዪኝ፣ በወር ይሄን ያህል እከፍልሻለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። የፔዮኒርም ይጠይቃሉ። ገንዘቡ በእናንተ ስም ገብቶ ይወጣል፤ ምን ሥራ እንደተሠራበት ግን አታውቁም። ሒሳቡ ሲዘጋ በስማችሁ ድጋሚ መክፈት አትችሉም። ለወንድምም ቢሆን አትስጡ፤ ይልቅ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የራሱን ክፈቱለት። ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር እያስተያያችሁ፣ ፊደል በፊደል።